የጨዋታ ግምት በደብተር ሲመዘን

የአንድ አባት ጥያቄ

የማታው ትምህርት አልቆ ሰሌዳውንና ጠመኔውን ስንሰበስብ፣ ከኋላ ይቀመጡ የነበሩ አንድ አባት ወደ እኛ ቀረቡ። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና ሰባት ወራቸው ነው። ስማቸውን ጽፈው በጨረሱ ቁጥር ደብተሩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «የመጨረሻው ልጄ ከወረዳው ከተማ ቤቲንግ ከሚሉት ቤት ይውላል። ዛሬ ማን ያሸንፋል፣ ነገ ማን ያሸንፋል እያለ ይገምታል። ባለፈው ሳምንት 700 ብር አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። አሁን ደግሞ፣ አባባ የበሬውን መግዣ ይስጡኝ፣ በአንድ ወር ሁለት በሬ አደርግልዎታለሁ ይለኛል። ልጄ ሌባ አይደለም። ሰካራምም አይደለም። ኳስ ያውቃል ብለው ጓደኞቹም ይመሰክሩለታል። እንግዲህ ልስጠው ወይስ ልከልክለው?»

እኛ ዘማቾች እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን ኳስ የሚወድ አለ። ውርርድ ሞክሮ ኪሱ ባዶ የቀረም አለ። ስለዚህ እንደ ዐዋቂ ሆነን ወዲያው ለመፍረድ አፈርን።

«አባባ፣ አንድ ወር ይስጡን» አልናቸው። «የበሬው ገንዘብ እስከዚያ ካለበት አይነሣ። ልጁ ግን በራሱ ገንዘብ የሚገምተውን ሁሉ፣ የገባለትንም ያልገባለትንም፣ በደብተር ይጻፍ። ቁጥሩን እርስዎ ይደምሩ።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይህ ትምህርት ከዚያ ደብተር የተገኘ ነው።

መገመት ነውር አይደለም

ገበሬ ሁሉ ገማች ነው። ሰማዩን አይቶ ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል ይላል። አፈሩን በእጁ ጨብጦ ዘሩን ይበትናል ወይም ያቆያል። በጉን ዛሬ ልሽጠው ወይስ ለዐውደ ዓመት ላቆየው ብሎ ያስባል። ግምት ማለት ከታየው ነገር ተነሥቶ ያልታየውን መናገር ነው። ጥሩ ገማች ምልክት ያያል። ምክንያት ያቀርባል። ሲሳሳትም ምኑን እንደ ሳተ ይጠይቃል።

የጨዋታ ግምትም ከዚህ አይለይም። ሁለት ቡድኖች ይገናኛሉ። ገማቹ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ወይም እኩል ይወጡ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ባሁኑ ጊዜ በየከተማው ወጣቶች ይህን በየቀኑ ያደርጉታል። ዛሬ እግር ኳስ ከሌለ ቅርጫት ኳስ አለ። እርሱም ከሌለ ቴኒስ ወይም ቦክስ አይጠፋም። ስልክ በእጅ ስላለ የሩቅ አገር ጨዋታ ሁሉ ቅርብ ሆኗል።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ገበሬ ዝናቡን ቢስት እንኳ እጁ በሥራው ላይ ነው። ዝናቡ ሲዘገይ የሚዘራውን ይለውጣል። አዝመራው ቢቀጥን ገለባው ለከብት ይተርፋል። በጨዋታ ላይ ግን የገማቹ እጅ የለበትም። እንግሊዝ አገር የሚጫወተውን ቡድን ከዚህ ሆኖ ማገዝ አይቻልም። ኳሷ የግቡን ብረት መትታ ከተመለሰች ተመለሰች ነው።

ዐዋቂ ገማች ምን ያያል?

አንደኛ፣ አቅም ያያል። ቡድኑ ባለፉት ጨዋታዎች ስንቱን አሸነፈ? ከማን ጋር ተጫውቶ? ደካማ ጥሎ የመጣና ብርቱ ጥሎ የመጣ እኩል አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ሜዳ ያያል። በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት የሚጫወት ቡድን ባለሜዳ ይባላል። በእግር ኳስ ባለሜዳው ከእንግዳው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ሲስፋፋ በጀርመን አገር የእግር ኳስ ጨዋታዎች ያለ ተመልካች ተካሄዱ። ያን ጊዜ የባለሜዳዎች ድል ቀነሰ። ሜዳው ያው ነው፤ የጎደለው ሕዝቡ ነበር።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ከፍታ ያያል። ይህን ለደገኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ቆለኛ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው እናንተ ታውቃላችሁ። ላ ፓዝ የምትባለው የቦሊቪያ ከተማ ከባሕር ወለል ወደ 3,600 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። የእኛ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ጥቂት ትበልጣለች። መጋቢት 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የአርጀንቲና ቡድን ላ ፓዝ ሄዶ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸነፈ። አሠልጣኙ ማራዶና ነበር። በአቅም ብቻ የገመተ ሰው ያን ቀን ተሳሳተ። ከፍታውን ያሰበ ግን ጥቂትም ቢሆን ተጠራጥሯል።

አራተኛ፣ ጤናና ድካም ያያል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ የብዙ ሰው ዓይን በአበበ ቢቂላ ላይ ነበር። አበበ በሮምና በቶኪዮ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፏልና። ነገር ግን እግሩን ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ያሸነፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ ማሞ ወልዴ ነው። ስም አይቶ የገመተ ተሳሳተ። ስም አይሮጥም፤ የሚሮጠው እግር ነው።

ስፖርቱ ሲለያይ ግምቱም ይለያያል

ከጆንያ ሦስት ፍሬ ብቻ አውጥቶ፣ ይህ ስንዴ ንጹሕ ነው ወይስ እንክርዳድ አለበት ብሎ መፍረድ ያስቸግራል። አንድ ቁና ሰፍሮ ያየ ግን ያውቀዋል። በስፖርትም እንዲህ ነው።

በእግር ኳስ ግብ ጥቂት ነው። ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ግብ ቢያገቡ ነው። ግቡ እንደ ሦስቱ ፍሬ ጥቂት ስለሆነ አንድ ስሕተት፣ አንድ የዳኛ ፊሽካ፣ አንድ ያዳለጠው እግር ውጤቱን ይገለብጠዋል። ደካማውም ብርቱውን ይጥላል። ደግሞም እኩል መውጣት አለ። በብዙ አገሮች ከ4 ጨዋታ 1 ያህሉ እኩል ይወጣል።

ምሳሌ እንስጥ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብጽ ተገናኙ። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገች። በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ግብ አክላ 4 ለ 2 አሸነፈች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ገምት ቢባል ስንቱ ሰው «ኢትዮጵያ» ይል ነበር?

ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ሳዑዲ ዐረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸነፈች። አርጀንቲና ከዚያ በፊት በተከታታይ 36 ጨዋታ አልተሸነፈችም ነበር። የሚገርመው፣ ወር ሳይሞላ ዋንጫውን የወሰደችው ያችው አርጀንቲና ናት። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌስተር ሲቲ የሚባል ቡድን አለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ውድድሩ ሲጀመር አወራራጆች ይህ ቡድን ዋንጫ ይወስዳል ብሎ 1 ፓውንድ ላስያዘ 5,000 ፓውንድ እንከፍላለን ብለው ነበር። እንደ ቀልድ ማለታቸው ነው። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ላይ ሌስተር ዋንጫውን ማግኘቱ ተረጋገጠ። ለኑሯቸው ሲሉ ጨዋታ የሚገምቱ ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ይሳሳታሉ።

በቅርጫት ኳስ ነጥብ ብዙ ነው። በአሜሪካ ትልቁ ውድድር አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከ100 ነጥብ በላይ ያስቆጥራል። ይህ እንደ ቁናው ነው። አንድ ስሕተት በብዙ ነጥብ መካከል ይጠፋል። ስለዚህ ብርቱው ቡድን በብዛት ያሸንፋል። እኩል መውጣትም የለም፤ አሸናፊ እስኪለይ ሰዓት ይጨመራል።

በሩጫ ተወዳዳሪው ሁለት ብቻ አይደለም። ደግሞ ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ሊያንስ ይችላል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ መቶኛ 9 ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ 100 ቦታ ቢከፈል ከዚያ 9ኙን ማለት ነው። ኃይሌ ያሸንፋል ያለ ሰው ገባለት። ቴርጋት ያለ ግን ምን ያህል ተሳሳተ? እንዲህ ያለ ትንሽ ስሕተት እንኳ ስሕተት ነው፤ የተወራረደበት ገንዘብ አይመለስም።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ በውጭ አገር ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ከነዚያ ገማቾች ብዙዎቹ የእኛን ሰው ከቁጥር አላስገቡትም።

በቦክስ ደግሞ አንድ ምት ይበቃል። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. በቶኪዮ አሜሪካዊው ማይክ ታይሰን ከአገሩ ልጅ ከበስተር ዳግላስ ጋር ተጋጠመ። ታይሰን 37 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም ነበር። ዳግላስ በ10ኛው ዙር ዘረረው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ዕውቀት ግምትን ያሻሽላል እንጂ እርግጥ አያደርገውም። አንዱን ስፖርት የሚያውቅ ሌላውንም ዐውቃለሁ ማለት የለበትም። የእግር ኳስ ዐዋቂ ዕለቱን ለመሙላት ብሎ የማያውቀውን ቴኒስ ሲጨምርበት፣ ጤፍ ዐዋቂ ስለ ሙዝ ተክል እንደሚናገር ነው።

የልጁ ደብተር

ወደ ልጁ ታሪክ እንመለስ። ልጁ ደብተር መያዙን አልጠላም። እንዲያውም ዕውቀቱ የሚታይበት ስለመሰለው ደስ አለው። በየቀኑ 5 ጨዋታ ይመርጣል። በአንድ ቲኬት ላይ ያስራቸዋል። አምስቱም ከገቡለት ይከፈለዋል። አንዷ ብትስት ግን ምንም አያገኝም። ለቲኬቱ በየቀኑ 80 ብር ያስይዛል። ገንዘቡ የቀን ሥራ ሠርቶ ያገኘው ነው።

ማታ ማታ ልጁ ያነባል፤ አባት ይጽፋሉ። የገባ ጨዋታ «ገባ»፣ የሳተ «ሳተ» ተብሎ ይጻፋል። 28 ቀን ሲሞላ አባትየው ደብተሩን ይዘው መጡ። ሰሌዳው ላይ አብረን ደመርነው።

ልጁ በ28 ቀን 140 ጨዋታ ገምቷል። 84ቱ ገብተውለታል። ይህ ማለት ከ10 ጨዋታ 6ቱን ያውቃል። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። ልጁም ቀና አለ። እውነትም ኳስ ያውቃል።

ቀጥሎ ገንዘቡን ደመርን። 28 ቲኬት፣ እያንዳንዱ 80 ብር፣ ወጪው 2,240 ብር። አምስቱም የገቡለት በሁለት ቲኬት ብቻ ነው። ለአንዱ 690 ብር፣ ለሌላው 745 ብር ተቀብሏል። ገቢው 1,435 ብር። ከ2,240 ላይ 1,435 ሲቀነስ 805 ብር ይቀራል። ይህ ኪሳራ ነው።

ክፍሉ ዝም አለ። አባትየው ቁጥሩን ደግመው በጣታቸው ተከተሉት። «ያመጣህልኝን 700 አየሁት። የወጣውን ግን አላየሁትም ነበር» አሉ።

ልጁም የዋሸ አይደለም። ያሸነፈበትን ቲኬት በኪሱ ይይዛል፤ የተሸነፈበትን ይጥላል። የበላበትን ቀን ለጓደኞቹ ያወራል፤ የተበላበትን አያወራም። የሰው ልብ እንዲህ ነው። ደብተር ግን ሁለቱንም እኩል ይይዛል።

እያወቀ ለምን ከሰረ?

አንደኛው ምክንያት ወንፊቱ ነው። እንደዚህ ልጅ ከ10 ጨዋታ 6ቱን የሚያውቁ 1,000 ሰዎች አሉ እንበል። ሁሉም 5 ጨዋታ ያስራሉ።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ 600 ይቀራሉ።
ከሁለተኛው በኋላ 360 ይቀራሉ።
ከሦስተኛው በኋላ 216 ይቀራሉ።
ከአራተኛው በኋላ ወደ 130 ይቀራሉ።
ከአምስተኛው በኋላ ወደ 78 ይቀራሉ።

ከ1,000 ዐዋቂ 922ቱ ወደቁ። ከወደቁትም 259 ያህሉ አራቱን አግኝተው አንዷን ብቻ የሳቱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች «ለጥቂት ነው፣ አንዷ ናት ያበላሸችብኝ» ይላሉ። ነገም ይመለሳሉ። ከአንድ አሸናፊ አጠገብ «ለጥቂት ነው» የሚሉ ከሦስት በላይ ሰዎች ይቆማሉ ማለት ነው። ልጁም ከ28 ቲኬቱ 7ቱ በአንድ ጨዋታ ብቻ የተበላሹ ነበሩ። «ለጥቂት» የሚባለው ነገር የዕድል መቃረብ ምልክት አይደለም። የወንፊቱ ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቤቱ ድርሻ ነው። ወፍጮ ቤት ሲፈጭ ዋጋውን ይወስዳል። የውርርድ ቤትም ዋጋውን ይወስዳል፤ ነገር ግን በግልጽ አይጠይቅም። በሚከፍለው ልክ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ይህን ልክ ወጣቶች ኦድ ይሉታል። ኦድ 2 ከሆነ 60 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 120 ይቀበላል ማለት ነው።

አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ባለሜዳው ቢያሸንፍ ኦዱ 2፣ እኩል ቢወጡ 3፣ እንግዳው ቢያሸንፍ 4 ይሁን። አንድ ሰው ምንም ሳይገምት በሦስቱም ላይ ያስያዘ እንደሆነ እንይ። በባለሜዳው 60 ብር፣ በእኩል መውጣት 40 ብር፣ በእንግዳው 30 ብር። ድምሩ 130 ብር ነው። ጨዋታው በምንም ቢያልቅ የሚቀበለው 120 ብር ነው። 60 በ2፣ 40 በ3፣ 30 በ4 ብታበዙት ሁሉም 120 ይሆናል። 10 ብር የት ሄደች? ለቤቱ ቀረች። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ቤቱ ድርሻውን አገኘ። ባለቤቱ ኳስ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሒሳብ ማወቅ ይበቃዋል።

ጨዋታ ሲታሰር ይህ ድርሻ ይወልዳል። 1,000 ሰዎች 10 ብር ያስይዙ፤ በጠቅላላው 10,000 ብር ነው። ኦዱ 1.55 ይሁን። ይህም 10 ብር ያስያዘ አሸናፊ 15 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀበላል ማለት ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ ቢወራረዱ 600 ሰዎች ያሸንፋሉ፤ 9,300 ብር ይከፈላቸዋል፤ ለቤቱ 700 ብር ይቀራል። እንዲህ ያሉ 5 ጨዋታዎች ቢያስሩ ግን 78ቱ አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው 89 ብር ያህል ያገኛሉ። ድምሩ ወደ 7,000 ብር ነው። ለቤቱ ወደ 3,000 ብር ይቀራል። ከ10 ብር 89 ብር ማግኘት ዓይን ይስባል። የቤቱ ድርሻ ግን ከ700 ወደ 3,000 አደገ። ረጅም ቲኬት የሚወደድለት ለማን እንደሆነ ከዚህ ተረዱ።

«እርግጠኛ ነኝ» የሚል ሰው

በስልክ፣ በተለይም በቴሌግራም፣ የነገውን ውጤት ዐውቃለሁ እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። «አምስት ቀን በነፃ እነግርሃለሁ፤ ካየኸኝ በኋላ ትከፍላለህ» ይላሉ። አምስቱም ቀን ልክ ሆነው ሲገኙ ሰው ያምናቸዋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ነቢይ ናቸውን? አይደሉም። ዘዴው እነሆ።

አታላዩ እኩል የማይወጣበት ጨዋታ ይመርጣል። ለ320 ሰዎች መልእክት ይልካል። ለ160ዎቹ አንደኛው ቡድን ያሸንፋል ይላቸዋል። ለቀሩት 160ዎቹ ሁለተኛው ያሸንፋል ይላቸዋል። ግማሹ ልክ ይሆናል። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል። በማግስቱ ለ160ዎቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ 80 ይቀራሉ። ከዚያ 40፣ ከዚያ 20፣ በመጨረሻ 10 ሰዎች ይቀራሉ። እነዚህ 10 ሰዎች አምስት ቀን ሙሉ ያልተሳሳተ ገማች አይተዋል። የተሳሳተባቸውን 310 ሰዎች ግን አያውቋቸውም። አታላዩም ስለ ጨዋታው አንዳች አያውቅም። ገንዘብ የሚጠይቀው እነዚህን 10 ሰዎች ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «በተከታታይ ገባልኝ» ሲላችሁ፣ «የሳትከውስ የት ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁት። ደግሞም ነገ የሚሆነውን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በመቶ ብር ለምን ይሸጣል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ግምትን አንከለክልም። ወጣት ኳስ ቢወድ፣ ማን ያሸንፋል ብሎ ቢከራከር ጨዋታውን ያጣፍጥለታል። የምንለው ይህ ነው፦ ግምትን ከገንዘብ ለይታችሁ መዝኑት።

አንድ ደብተር ያዙ። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የሚጋጠሙትን፣ በሦስተኛው ግምታችሁንና ምክንያታችሁን ጻፉ። አራተኛውን ባዶ ተዉት። ግምቱ የሚጻፈው ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ካለቀ በኋላ «እኔማ ብዬ ነበር» ማለት ለሁሉም ይቀላል። ውጤቱ ሲታወቅ አራተኛውን ዓምድ ሙሉ። ያፈራችሁበትንም አትሰርዙ። በወሩ መጨረሻ በየስፖርቱ ለይታችሁ ቁጠሩ። በእግር ኳስ ስንት ገባ? በቅርጫት ኳስስ? ያን ጊዜ የምታውቁትና ዐውቃለሁ የምትሉት ይለያያሉ።

ገንዘብ ያስያዘ ካለም አምስተኛ ዓምድ ይጨምር፦ የወጣና የገባ። ይህን ዓምድ ለመጻፍ እጁ የከበደው ሰው፣ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የበሬ ገንዘብ በሰው እግር ላይ አይቆምም።

የአባትየው በሬ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተገዛ። መርጦ የገዛው ልጁ ነው። ጥርሱን አይቶ፣ አረማመዱን አይቶ፣ ሻኛውን ዳስሶ፣ ሻጩን ስለ ሥራው ጠይቆ ገመተ። ያም ግምት ነው፤ ነገር ግን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ላይ ነው።

ልጁን በኋላ ጠየቅነው። «ኳሱን ዐውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ሒሳቡን ነው» አለ። ዛሬም በየቀኑ ይገምታል። ማታ ከሰሌዳችን ጥግ ላይ የነገውን አምስት ጨዋታ በጠመኔ ይጽፋል። ገንዘብ የለበትም። ተማሪዎቹ የቡድኖቹን ስም እያነበቡ ማንበብ ይለማመዱበታል። በማግስቱ «ገባ» ወይም «ሳተ» ብለው የሚጽፉት አባቱ ናቸው። ሲስትም አይራሩለትም።

ጥያቄዎች

1. የገበሬ ግምትና የጨዋታ ግምት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ከእግር ኳስና ከቅርጫት ኳስ ብርቱው ቡድን በብዛት የሚያሸንፈው በየትኛው ነው? ለምን? ስለ ቁናው የተነገረውን አስታውሱ።
3. ልጁ ከ140 ጨዋታ 84ቱን ዐውቆ ለምን ከሰረ? ሁለት ምክንያት ስጡ።
4. በየቀኑ 20 ብር የሚያስይዝ ሰው በ30 ቀን ስንት ብር ያወጣል? በወሩ ውስጥ 350 ብር ቢቀበል አተረፈ ወይስ ከሰረ? በስንት ብር?
5. አንድ አታላይ በ640 ሰዎች ቢጀምር ከአምስት ቀን በኋላ ስንት ሰዎች ያምኑታል?
6. የቤታችሁን የአንድ ሳምንት ወጪና ገቢ በደብተር ጻፉ። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ይዛችሁ ኑ።